የትርሲት ጉሮሮ

«ልጅዎ ስትተኛ አፏን ትከፍታለች ወይስ ትዘጋለች?»

የጠየቀኝ ሰው አይደለም፤ በከተማችን በደብረ ብርሃን ያለው የአየር ጽሕፈት ቤት የመለኪያ ማሽን ነው። ወሩ ጥቅምት፣ ዓመቱ 2068 ነበር። ልጄ ትርሲት አሥራ ሦስት ዓመት ስለሞላት ጉሮሮዋን ላስለካ ወስጃት ነው። እናት ሆኜ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ። ትርሲት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ብርድ ልብሷን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ነው የምትተኛው። ከብርድ ልብሱ ሥር አፏ ምን እንደሚያደርግ በምን ልወቅ።

«አላየሁም» አልኩ።

ማሽኑ «አላየሁም» ያልኩትን «ትከፍታለች» ብሎ መዘገበው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ወረቀቱን ራሴ ሳነበው።

ትርሲት የተወለደችው ላይኛው ከንፈሯና ላንቃዋ ተሰንጥቆ ነው። በአምስት ወሯ ከንፈሯ ተሰፋ፤ በዓመቷ ላንቃዋ። ሰባት ዓመት ሲሞላት ደግሞ ድምፅዋ በአፍንጫዋ እንዳይወጣ ከጉሮሮዋ ጀርባ ትንሽ ሥጋ አንሥተው ከላንቃዋ ጋር አያያዙላት። ንግግሯ ተቃና። ሐኪሙ ግን ያኔውኑ አስጠንቅቆኛል። «የእንደነዚህ ያሉ ልጆች ጉሮሮ ከሌላው ልጅ ጠበብ ሊል ይችላል። ላይልም ይችላል። እያደገች ስትሄድ ማየት ነው» አለኝ። እኔ ከዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ «ጠበብ» የምትለዋን ብቻ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ስድስት ዓመት ይዣት ኖርኩ።

በእኛ ዘመን ጉሮሮ የግል ጉዳይ አይደለም። ጠዋት ከቤት ስንወጣ በሩ ላይ እንተነፍሳለን፤ በሩ ይመዘግብና «ደህና ዋሉ» ብሎ ይከፍታል። ባለቤቴ ታምራት ከከተማው በላይ የቆሙትን የንፋስ ተርባይኖች የሚጠግን ሠራተኛ ነው። ጉንፋን ሲይዘው በሩ ሦስት ጊዜ ያስተነፍሰዋል። እሱም «ዛሬስ እንደ ፊኛ ልታስነፋኝ ነው» እያለ ይነፋል። ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ «እንዴት አደርሽ» ካለ በኋላ «እስትንፋስሽስ» ይላል። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ፣ ድሮ ዘር ይቆጠር እንደነበረው፣ ዛሬ «የልጁ ስፋት ስንት ነው» ይባላል። ስፋት የሚባለው የጉሮሮ ጠባቧ ቦታ ምን ያህል አየር እንደምታሳልፍ የሚናገር ቁጥር ነው። ባለፈው ዓመት የእህቴን ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች የሙሽራውን ቁጥር ሰባት ከፍ አድርገው ሲናገሩ ተያዙ። ጥቂት ካንገራገርን በኋላ «ሰባት ምን አላት» ተብሎ ታለፈ፤ ሠርጉም ሆነ።

ለልጆች ግን ሰባት ቀላል አይደለችም። ከተማችን ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስፋቱ ዘጠና ካልሞላ እዚህ አይቀመጥም። ወደ ቆላ፣ ሸዋ ሮቢት ወዳለው አዳሪ ትምህርት ቤት ይወርዳል። አውቶቡሱ በየዓመቱ ኅዳር 11 ይመጣል። ቀኑ የተመረጠው ድሮ በማግስቱ፣ በኅዳር 12፣ በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠል ስለነበረና ጭሱ ጠባብ ጉሮሮ ስለሚጎዳ ነው። ማቃጠሉ ከቀረ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ቀኑ ግን አልተቀየረም። ማንም አይቆጣም፣ ማንም አይገፋም። አውቶቡሱ ይመጣል፣ ልጁ ይሳፈራል። የቤቱ በርም የልጁን እስትንፋስ ከዝርዝሩ ያወጣል።

ወደ መለኪያው ልመለስ። ማሽኑ የሚናገረው በሽማግሌ ድምፅ ነው። ልጆች እንዲታዘዙት ታስቦ የተመረጠ፣ ረጋ ያለ፣ ትንሽ የሚሻክር የአባት ድምፅ ነው። ሰዉ ሁሉ «አባባ» ይለዋል። ትርሲት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች «ደህና ነሽ ወይ ልጄ?» አላት። ትርሲት አንገቷን ሰበረች። አገጯ ደረቷን እስኪነካ አቀርቅራ፣ ዝግ ባለ ድምፅ «እግዚአብሔር ይመስገን አባባ» አለች።

ከኋላዬ ወረፋ የያዘች ሴት «ወይ ጨዋ ልጅ፤ የማን ናት?» አለች።

«የኔ ናት» አልኩ። ኩራቴን መደበቅ አልቻልኩም። «ትልቅ ሰው ሲያናግርሽ አንገትሽን ሰበር አድርጊ» እያልኩ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። የከንፈሯ ጠባሳ እንዳይታይባትም ማቀርቀሩ ይመቻታል።

ማሽኑ እንዳቀረቀረች ለካት። ስድሳ ስምንት።

ውሳኔው በማግስቱ መጣ። ውሳኔ እስከ ዛሬ የሚመጣው በወረቀት ነው፤ ሕጉ እንዲህ ይላል። የሚያነበው ሰው ግን የለም። ወረቀቱን ለስልክ ያሳዩታል፣ ስልኩ ያነባል። የኔ ስልክ እንዲህ ብሎ አነበበልኝ፦ «ደስ የሚል ዜና ነው ወይዘሮ ስንቅነሽ። ትርሲት ማንጎ በሚበቅልበት ሞቃት ቦታ ትማራለች። ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል፤ እርስዎ ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎትም።»

ስልኬ ለምን እንዲህ እንደሚያነብልኝ መናገር አለብኝ። ለሰው የሚነበብለት እንደ ጠባዩ ነው። እኔ ትርሲትን ከወለድኩ ጀምሮ «ጭንቀታም እናት» ተብዬ ተመዝግቤአለሁ። ማን እንደመዘገበኝ አላውቅም። ስለዚህ ስልኬ ወረቀቱን ሁሉ እያለሳለሰ ነው የሚያነብልኝ። ይህን የደረስኩበት ባለፈው ዓመት አንዱን የሐኪም ወረቀት ለእህቴ ለየሻረግ ስልክ ባሳየሁት ጊዜ ነው። ያው ወረቀት ለእሷ ሌላ ነገር አነበበላት። የሻረግ ደፋር ተብላ ሳትመዘገብ አልቀረችም። በዚያው ሳምንት ፊደል ለመማር ተመዘገብኩ።

የምንማረው ቅዳሜ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ ነው። አራት ነን፤ ሁላችንም ከአርባ ዓመት በላይ። መምህርታችን ርብቃ ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እኛ ግን «የኔታ» እንላታለን። መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ አሁን «አቤት» ትላለች። ማንበብ የጀመረ ሰው ጥርስ እንዳወጣ ሕፃን ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። እኔም የጆንያ ጽሑፍ፣ የጉድጓድ ክዳን፣ የአሮጌ በር ምልክት ሳላነብ ማለፍ አቅቶኛል። ታምራት አብሮኝ መሄድ ሰልችቶታል።

የትርሲትን ወረቀት ይዤ ክፍል ገባሁ። ርብቃ አላነበበችልኝም። «እኔ ካነበብኩልዎትማ ከስልኩ በምን ተሻልኩ» አለችና ጣቴን የመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀመጠችው።

አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ። «ትከፍታለች» የሚለውን አገኘሁ። «ስድሳ ስምንት» የሚለውን አገኘሁ። «እስከ አሥራ ስምንት ዓመቷ» የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። አምስት ዓመት ማለት ነው። ጋሽ ገረመው የክፍላችን ትልቁ፣ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። «እስከ ታች ውረጂ እንጂ» አሉኝ። «ቁልቁለት መሀል ላይ አይቆምም፤ ከኋላ የሚመጣው ይገጭሻል።»

እስከ ታች ወረድኩ። የመጨረሻው መስመር በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ነው፦ «ቅሬታ ያለው በሰባት ቀን ውስጥ ምክንያቱን ይዞ ይቅረብ።»

ስልኬ ይህን መስመር ጨርሶ አልነገረኝም።

«የኔታ፣ ምን ምክንያት አለኝ?» አልኩ። «ስድሳ ስምንት ያው ስድሳ ስምንት ነው።»

«ከሰባቱ ቀን ስንቱ ሄደ?»

«ሦስቱ።»

«እንግዲያ አራት ቀን አለዎት» አለች።

ቤት ገብቼ ለትርሲት ነገርኳት። የተርባይን ቱታዋን እያጠበች ነበር። ቱታ ያላት እሁድ እሁድ ከአባቷ ጋር የተርባይኑን መሰላል እስከ ጫፍ ስለምትወጣ ነው። ሦስት መቶ ደረጃ ነው። ከኋላ የሚያለከልከው ታምራት ነው።

«እዚያ ብዙዎቹ እንደ እኔ ናቸው አሉ» አለችኝ። «ድምፅሽ ለምን እንዲህ ሆነ የሚለኝ አይኖርም።»

«መሄድ ትፈልጊያለሽ እንዴ?»

አሰበች። «አልፈልግም። ግን መሄዴ ካልቀረ ልፈልግ እሞክራለሁ። አንቺ ብቻ አታልቅሺ።»

«መች አለቀስኩ።»

«ልትጀምሪ ነው።»

በአምስተኛው ቀን ብቻዬን ወደ አየር ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። የመለኪያው ሠራተኛ ይበልጣል የሚባል ደግ ወጣት ነው። ክፍሉ እንደ ደብረ ብርሃን ቢሮ ሁሉ ይበርዳል። እሱ ግን ከማሽኑ ጎን ተዘርግታ በቆመች የብረት ክንድ ላይ ካፖርቱን ሰቅሎ በሹራብ ቁጭ ብሏል።

«ምክንያትዎ ምንድን ነው እትዬ?»

«ልጄ ሦስት መቶ ደረጃ ትወጣለች፤ አታለከልክም።»

«እሱ ምክንያት አይባልም። ጎበዝ ናት ይባላል።»

«እንግዲያው በሌላ ማሽን ይታይልኝ።»

«ያለው አንድ ነው፤ እሱም አይሳሳትም። ቁጭ ይበሉ፣ ቅጹን ላምጣልዎት» ብሎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ።

ቁጭ ብዬ እንደ ልማዴ የሚነበብ ነገር ፈለግሁ። ግድግዳው ባዶ ነው፤ ዛሬ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ የለም። ከካፖርቱ እጅጌ ሥር ግን የደበዘዘ ተለጣፊ ጫፉ ታየኝ። እጅጌውን ገለጥ አደረግሁት። ፊደል ነው። አ። ገ። ጭ። አገጭ። ቀጥዬ እስከ ታች ወረድኩ። ቀና ስል ይበልጣል ቅጹን ይዞ በር ላይ ቆሟል።

«ካፖርቴን ምን እያደረጉት ነው?»

«እያነበብኩት ነው።»

ሳቀ።

«ና፣ አንተም አንብበው።»

«እኔ ፊደል አላውቅም እትዬ። ዛሬ ማን ያውቃል።»

ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩለት፦ «አገጭ በዚህ ክንድ ላይ ይረፍ። ዐይን ፊት ለፊት ይይ። ራስ ካቀረቀረ ልኬቱ ከእውነቱ ጠቦ ይወጣል።»

ይበልጣል ካፖርቱን አነሣና ክንዱን ሳበው። ክንዱ ሲጥ ሲጥ እያለ ዞሮ ከወንበሩ ፊት ለፊት መጥቶ ቆመ። ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሁለቱንም ዓመት ካፖርት ሲሰቅልበት ኖሯል።

«ማሽኑ ይህን አልነገረኝም» አለ ቀስ ብሎ።

ማሽኑንም አልፈርድበትም። የተሠራው ልጅና ትልቅ ሰው ዐይን ለዐይን እየተያዩ በሚያወሩበት አገር ነው። ልጅ ሽማግሌ ሲያናግረው አገጩን ደረቱ ላይ ይደፋል ብሎ ማን ያስባል። የሽማግሌውን ድምፅ የጨመርንበት እኛ ነን። አንገቷን እንድትሰብር ያስተማርኳትም እኔ ነኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። «የውሃ ጎማ ሲታጠፍ አይተሃል? ጎማው ጠባብ ሆኖ ነው ውሃው የሚያንሰው?»

«ገባኝ። ግን ልዩነቱ ሁለት ሦስት ቁጥር ከሆነ አለቆቼ አይቀበሉኝም። ማስረጃ ያስፈልገኛል።»

«እኔን ለካኝ።»

ወንበሩ ላይ ወጣሁ። መጀመሪያ እንደ ትርሲት አቀረቀርኩ። ማሽኑ በአርባ ስድስት ዓመቴ «ደህና ነሽ ወይ ልጄ?» አለኝ። ሃምሳ አንድ ሆንኩ። ከዚያ አገጬን ክንዱ ላይ አድርጌ ፊት ለፊት አየሁ። ሰማንያ ሦስት።

«ሠላሳ ሁለት ልዩነት» አለ ይበልጣል፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየው። «ልጅቷን ነገ ያምጧት። ሌሎቹንም አስጠራለሁ።»

በማግስቱ ትርሲት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ይበልጣል አገጯን ክንዱ ላይ አስቀመጠላት።

«ደህና ነሽ ወይ ልጄ?» አለ ማሽኑ።

ትርሲት ልታቀረቅር ስትል ክንዱ ያዛት። በዐይኗ ፈለገችኝ። «እማዬ፣ ነውር አይደለም?»

«አይደለም።»

«ትልቅ ሰው እኮ ናቸው።»

«ማሽን ነው» አላት ይበልጣል።

«ድምፃቸው ግን ትልቅ ሰው ነው።»

«ቀና በይ ልጄ» አልኳት። አሥራ ሦስት ዓመት ሳሳድጋት ይህን ቃል ብያት አላውቅም። ቀና አለች። የከንፈሯ ጠባሳ በመስኮቱ ብርሃን ፊት ለፊት ታየ። ጠባሳዋ ቀጭን ናት፤ እኔ በሐሳቤ ያደረግኋትን ያህል ትልቅ አልነበረችም። ትርሲት ማሽኑን ዐይን ዐይኑን እያየች፣ በዚያች በአፍንጫዋ ጥቂት በምታልፈው ድምፅዋ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን አባባ፤ እርስዎስ ደህና ነዎት?» አለችው።

ማሽኑን ይህን የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም መሰለኝ። «መቶ አራት» ብቻ አለ።

ይበልጣል አጨበጨበ። ትርሲት «ደህና ነኝ ሳይሉ ቁጥር ተናገሩ» አለች። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሷም «ይኸው» አለችኝ።

በዚያ ጥቅምት ዝርዝሩ ላይ የነበሩት ልጆች አሥራ አንድ ናቸው። በሁለት ቀን ሁሉም አገጫቸውን አስደግፈው እንደገና ተለኩ። ሰባቱ ጠባቦች ሳይሆኑ ጨዋዎች ሆነው ተገኙ። አራቱ ግን ቀና ብለውም ጠባብ ነበሩ። ከአራቱ ሁለቱ እንደ ትርሲት ላንቃቸው የተሰፋ ልጆች ናቸው፤ ለእነሱ ቆላው እውነትም ይሻላቸዋል። እናቶቻቸው ቁጥሩን አሁን አመኑት። ያመኑት ቁጥር ቀለል ይላል መሰለኝ።

ከሳምንት በኋላ ይበልጣል ካፖርቱን ለብሶ ቤታችን መጣ። ከቢሮው ሰው በእግሩ ሲመጣ አይተን ስለማናውቅ ታምራት ወንበር አወጣለት። ይበልጣል አልቀመጥም አለ። ከዚያ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ያን ዕለት የለካሁዎት ነገር አለ።»

«ሰማንያ ሦስት» አልኩ። ቁጥሩን ወድጄው ነበር፤ ልጄን ያተረፈልኝ ቁጥር ነው።

«ለአዋቂ መቶ ነው የሚፈለገው።»

አዋቂ የሚለካው በአሥር ዓመት አንዴ ነው። ባለፈው ጊዜ አልፌ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ወፍሬአለሁ፣ አንገቴም አብሮ ወፍሯል።

«አገጬ እኮ ክንዱ ላይ ነበር» አልኩት።

«ነበር እትዬ። ለዚያ ነው ልኬቱ ትክክል የሆነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ታምራት ነው። አፉን ይዞ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ትከሻው ግን አጋለጠው። «አሥራ ሰባት ዓመት ስታንኮራፊ በክርኔ ስጎሽምሽ የኖርኩት ለካ የመንግሥት ሥራ ኖሯል» አለ። ትርሲት ተከተለችው። ይበልጣልም ካፖርቱን እየጎተተ ሳቀ። እኔ መቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ሳቁ ቀደመኝ።

ወረቀቱን ሰጠኝ። ስልኬን አላወጣሁም። መስኮቱ ጋ ሄጄ ጣቴን አስቀምጬ አነበብኩ፤ እነሱም ጠበቁኝ። አዋቂም ወደዚያው ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል፤ ግን ለስምንት ወር ነው፤ ሕክምናም አለው፣ ክብደትም ያስቀንሳሉ። ቅሬታ ያለው በሰባት ቀን ውስጥ ምክንያቱን ይዞ ይቅረብ ይላል።

«ምክንያት አለዎት?» አለኝ ይበልጣል። ከልቡ ነው የጠየቀኝ፤ ቢኖረኝ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

«የለኝም» አልኩት።

ቅዳሜ ክፍል ገብቼ ተሰናበትኩ። ርብቃ ያልጨረስነውን መጽሐፍ ሰጠችኝ። ጋሽ ገረመው ያን መንገድ ሠላሳ ዓመት ነድተውበታል። «ከጣርማበር ዋሻ ስትወጪ ጆሮሽ ይደፈናል። ምራቅሽን ዋጥ ዋጥ አድርጊ፤ ይከፈታል» ብለው መከሩኝ። ትርሲት ሻንጣዬን አዘጋጀችልኝ። ምን እንደምበላ፣ ለማን እንደምደውል፣ ብርድ ልብስ እንደማያስፈልገኝ ነገረችኝ። «እዚያ ያሉትን አራቱን ልጆች እንደኔ አታስጨንቂያቸው» አለችኝ። አላስጨንቅም አልኳት። ሁለታችንም አላመንነውም።

ኅዳር 11 ጠዋት አውቶቡሱ መጣ። በራችን አስተነፈሰኝ፤ «ደህና ዋሉ» አለኝ፤ ስሜንም ከዝርዝሩ አወጣው። ሰባት ልጆች ቀሩ፤ አራት ልጆች ሄዱ። ትርሲት ቀረች። እኔ ሄድኩ።